ለተማሪያቸው የሰገዱት መምህርት፣ እማሆይ ኬማቻሪ

ክቡራን አባቶች፣ እናቶች መነኮሳይያት፣ ዘመድ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው የእማሆይ ኬማቻሪ የሕይወት ታሪክ በእኔ በታናሽ ወንድማቸው በኦን ምያይንግ እንዲህ ይነበባል።

እማሆይ ኬማቻሪ ከሰሊጥ ገበሬው ከኡ ፖ ህላይንግና ከእናታቸው ከዶ ሴይን ኪን በኢራዋዲ ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ1944 ተወልደው፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የታጩለትን ነጋዴ ትተው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ የመነኮሳይያቱን ሮዝ ልብስ ለብሰው ሳጋይንግ ኮረብታ ካለው የቡድሂስት ሴቶች ገዳም ገቡ። እናታቸው ግን «ወንድ ልጅ ቢመነኩስልኝ እኮራ ነበር፤ አንቺ ስትመነኩሺ ግን ጎረቤቱ ባል አጥታ ነው ይለኛል!» ብለው አለቀሱ።

ምጽዋት ሲወጡ ለወንዶቹ መነኮሳት የበሰለ ምግብ፣ ለእርሳቸው ጥሬ ሩዝ እየተሰጣቸው፣ ከተማሩበት ሰዓት ለአባቶች ያበሰሉበት እየበለጠ፣ የቡድሃን መጻሕፍት ከፍተኛ ፈተና ወንዶቹን ሁሉ በልጠው ቢያልፉም፣ በሽልማቱ ዕለት የተቀመጡት ከሰባት ዓመት ወንዶች ልጆች፣ ከጀማሪዎቹ መነኮሳት ኋላ፣ መሬት ላይ ነበር።

የአብራካቸው ክፋይ ስላልነበራቸው የወንድማቸውን ልጅ እንደ ልጃቸው አሳድገው፣ ፊደል አስቆጥረው፣ የመጻሕፍቱን ቋንቋ ፓሊን አስተማሩት። ያ ልጅ ዛሬ ከፍ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጡት አባ ዛዋና ናቸው። አባ ዛዋና በሃያ ዓመታቸው ሙሉ መነኩሴ በሆኑባት ዕለት፣ ሠላሳ ዓመት በምንኩስና የቆዩት አክስታቸው ተንበርክከው ሦስት ጊዜ ሰገዱላቸው፤ ሥርዓቱ ነውና።

በስልሳ ዓመታቸው በሌላ አገር ሴቶች ሙሉ የምንኩስና ማዕረግ እንደሚቀበሉ ሰምተው፣ ያንን ሳያገኙ ላለመሞት ቆርጠው፣ ሄደው ይቀበሉ ዘንድ የአካባቢውን የአባቶች ጉባኤ ፈቃድ ጠየቁ። ጉባኤውም የሴቶች ማዕረግ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለተቋረጠ አይቻልም፣ ከሄዱም ወደ ገዳሙ አይመለሱም ሲል በጽሑፍ መለሰ። ከፈረሙት አምስት አባቶች አንዱ አባ ዛዋና ነበሩ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባል የለ! እማሆይ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «አጻጻፉ እንከን የለውም፤ ደህና አድርጌ ነው ያስተማርኩት» አሉና ወደ ማብሰያው ቤት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማዕረግ አንድም ቀን አላነሱም።

ጉበታቸውን ታመው ስድስት ወር ከተኙ በኋላ፣ ባለፈው ሐሙስ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። አንድ ወንድም፣ አርባ ሁለት ሴት ደቀ መዛሙርትና ዛሬ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ አንድ መነኩሴ ትተዋል።

በልማዳችን መነኩሲት ስትሞት በሚቀጥለው ሕይወቷ ወንድ ሆና እንድትወለድ ይጸለይላታል። እማሆይ ግን ይህ ጸሎት በሬሳቸው ላይ እንዳይደገም ተናዝዘዋል። ስለዚህ ነፍሳቸው ዕረፍት ታግኝ፤ የሚመለሱም ከሆነ ሴት ሆነው ይወለዱ። ወንድ ሆኖ የተወለደውንማ አይተነዋል፤ ልጄ ነው።