ልጄን የሚያስተኛት የጫጫው ቅጂ

ልጅ ማህፀን ውስጥ ሳለ የሰማውን ያስታውሳል እንዴ? እኔ እስካሁን አልገባኝም። እዚህ ደብረ ብርሃን ያሉት የሰፈራችን ማሲንቆ ተጫዋቾች አንዱን ዘፈን ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርገው አይጫወቱትም፤ ስለዚህ በየሰርጉ የተጫወቱትን ስልኬ ላይ አጠራቅም ነበር። የአረርቲው ሰርግ ቅጂ ላይ ዋሽንቱ ማለቂያ የለውም፣ የለሚው ላይ ጭብጨባው ደስ ይላል። ከሁሉም የምወደው ግን ነፍሰ ጡር ሆኜ ጫጫ ሰርግ ላይ ራሴ የቀዳሁትን ነው። ልጄም ያለ እሱ አትተኛም።

ታዲያ ልብስ ሳጥብ ስልኬ ሳፋ ውስጥ ገባና ሁሉም ጠፋ። ልጄ እንቅልፍ አጥታ ስታለቅስ ታመመች ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ ግን የናፈቃት ቅጂው መሆኑ ገባኝና፣ አዝያት ጫጫ ሰርግ ላይ የተጫወቱት ማሲንቆ መቺው ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ።

"ጋሼ፣ የጫጫው ቅጂ እርስዎ ጋ ይኖራል?"

"እኔ ራሴን አልቀዳም። ቁጭ በይ፣ አሁኑኑ እጫወትላታለሁ።"

ተጫወቱላት። ጭራሽ ባሰባት!

"አልወደደችኝም" ብለው ሳቁ። ትንሽ አሰብ አድርገው፣ "ያን ቀን ስትቀጂ እልልታሽ ማሲንቆዬን ውጦት ነበር። እስቲ እልል በይ" አሉኝ።

እያፈርኩ እልል አልኩ። ልጄ ዝም አለች፤ ወዲያው ጀርባዬ ላይ ተኛች።

"ለካ እኔ አጃቢ ነበርኩ!" አሉ ጋሽ ታደሰ።

አሁን እሷን ለማስተኛት በየቀኑ እልል እላለሁ። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ "ዛሬ ደግሞ ማን አገባ?" እያሉ ይስቁብኛል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ያለ ቀን ልጄን በምን ላስተኛት ነው? ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።