ቁጥር ሰባት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የሽማግሌው የጋሽ መክብብ ሳሎን። የሰበሰቧቸው ሰንጢዎች በመስታወት ሣጥን ተደርድረዋል፤ እንደሳቸው ሰንጢ ሰብሳቢ የሆነው ልሳነወርቅ፣ ልጁ ባሏን ገድላለች ተብላ ከታሰረች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየም፤ ዛሬም ሳይቀመጥ ነው ልመናውን የጀመረው።

ልሳነወርቅ፦ ክሩን ይበጥሱልኝ ነው ያልኩት፣ ጋሽ መክብብ። ሰንጢውን ይስጡኝ አላልኩም።

መክብብ፦ ክሩ ከተበጠሰ ሰንጢው ምን ቀረው? ወንድሜ አበጋዝ ከባቡር ብረት ሃያ ብቻ ሠርቶ ነው የሞተው። በሰም ክር እንደታሰረ ካልቆየ ማን ሰብሳቢ ዞር ብሎ ያየዋል? ከተፈታ ሽንኩርት መክተፊያ ነው።

ልሳነወርቅ፦ እኔ የራሴን፣ ቁጥር ሰባቱን፣ ፈትቼ ለልጄ ባል ሰጠሁት። በሠርጋቸው ቀን።

መክብብ፦ ሰምቻለሁ። አንጀቴ ነው ያረረው።

ልሳነወርቅ፦ ለሰንጢው ነው ለልጁ?

መክብብ፦ ለሁለቱም። ምን ላድርግ፣ በሽታዬ ነው። ነፍሱን ይማረው።

ልሳነወርቅ፦ ባሏ እዮስያስ ከደረጃ ሲወድቅ ሰንጢው ኪሱ ውስጥ ተከፍቶ ጭኑን ወጋው። የደም ሥሩን ነው ያገኘው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሕይወቱ አለፈ። ቤት የነበረችው ልጄ ቤዛ ብቻ ናት። ጎረቤት ደግሞ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ አለ።

መክብብ፦ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ልሳነወርቅ፦ መርማሪው «የታጠፈ ሰንጢ እንዴት አድርጎ ሰው ይወጋል?» አለኝ። ስለቱን አጥፎ የሚይዘው ሞላ ልል ነው ብዬ ብመልስለት፣ «ወድቆ ላልቶ ይሆናል። ሲሠራም እንዲህ ከነበረ ያልተነካ አምጥተህ አሳየኝ» አለ። አዲስ አበባ ያሉት ሰብሳቢዎች ስልኬን ማንሳት ትተዋል። የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።

መክብብ፦ የአበጋዝ ሞላ ልል? የእጀታውን ቀንድ ከብረቱ ሲያጋጥመው እኮ መሐሉ ጥፍር አያስገባም! ዕድሜ ልኩን ባቡር የጠገነ እጅ ነው! ሙት ወቃሽ አትሁን፣ ልሳኔ።

ልሳነወርቅ፦ ሙትስ አርፏል። ሲሚንቶ ላይ የምታድረው ልጄ ናት። ትናንት ምግብ ይዤላት ብሄድ ምን አለችኝ? «አባዬ፣ አንተም ትጠረጥረኛለህ?»

መክብብ፦ ትጠረጥራታለህ እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ ብቻዬን ስሆን… አዎ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የገዛ ልጄን! ለዚህ ነው የመጣሁት። ክሩን ይበጥሱና አፉን ወደ ታች አድርገው ያራግፉት። ስለቱ ካልወጣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እሄዳለሁ።

መክብብ፦ ቢወጣስ? ያን ጊዜ የአበጋዝን ስም ማን ያነሣዋል?

ልሳነወርቅ፦ ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል። መቀሱ ይኸው።

መክብብ፦ እስቲ መጀመሪያ ተቀመጥ። ሻይ ላስፈላልህ።

ልሳነወርቅ፦ ሻይ አልፈልግም። መቀሱን ለምን አይቀበሉኝም?

መክብብ፦ ዓይኔ በእርጅና ደክሟል።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው ያምጡት፣ እኔ ልበጥሰው።

መክብብ፦ ተው። መበጠስ አያስፈልገውም። ይወጣል።

ልሳነወርቅ፦ ምን አሉ?

መክብብ፦ ስለቱ ይወጣል። የሃያዎቹም እንደዚያው ነው። አበጋዝ ሞላዎቹን ሁሉ ሊቀይር አስቦ ነበር፣ ሳንባው ቀደመው። «ሳይስተካከሉ አንድም እንዳይሸጥ» ብሎኝ ነው የሞተው።

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ ክሩ የአበጋዝ ማኅተም ነው ብለው አይደል የሸጡልኝ?

መክብብ፦ አበጋዝ አንድም ክር አላሰረም። ከቀብሩ በኋላ እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ ስለቱን እንዲይዝልኝ። ማኅተም ነው ካልኩት ሰብሳቢ መቼም አይፈታውም ብዬ።

ልሳነወርቅ፦ ልጄን ጠረጠርኳት እኮ! የወለድኳትን ልጅ!

መክብብ፦ ኮቴን አቀብለኝ። ሰንጢውን ብቻ ብትወስድለት መርማሪው ሌላ ጥያቄ ያመጣል። እኔንም ይዘኸኝ ሂድ።