ሰላምታ ይቅደም፣ መሸፈኛ ይከተል

ሰው በተካነበት ሥራ ምከሩኝ አይልም። አቶ መሸሻም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በድሬሰርነት መርፌ ሲወጉና ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ፣ የኮልፌ ሰው ከሐኪም አስበልጦ የሚያምናቸው ሽማግሌ ስለ ነበሩ፣ ምክር ከእሳቸው ይወጣል እንጂ ወደ እሳቸው ይገባል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ታዲያ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዓመተ ምሕረት መጋቢት ወር፣ ማጅራት ገትር ሰፈሩን ባስጨነቀበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአንድ ግቢ ገመድ ላይ የተሰጡ ስምንት ትናንሽ ነጫጭ ጨርቆች አዩና ከአጥሩ አጠገብ ቆሙ። ከጨርቆቹ ኋላ ብቅ ያለችው ከእሳቸው ጋር በአንድ ክሊኒክ የምትሠራው ወጣት ነርስ የሺእመቤት ነበረች።

«ሲስተር፣ ሳትወልጂ የሽንት ጨርቅ አሰጣሽ? ወይስ እኛ ሳንሰማ ማርያም ማረችሽ?»

«ኧረ ገና ባልም አልተገኘ፣ ጋሽ መሸሻ!» ብላ ሳቀች። «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ነው። አራቱ የእኔ፣ አራቱ የእርስዎ።»

የአቶ መሸሻ ፈገግታ ጠፋ።

«የእኔ? ማን ስፊልኝ አለሽ?»

«ከሆስፒታል የተላከልን የወረቀት መሸፈኛ በሦስት ቀን አለቀ። አንዴ ተደርጎ የሚጣል ነገር ለእንዲህ ያለ ሰሞን አይበረክትም። ይኼ ግን አቡጀዲ ነው፤ መሐሉ ሦስት እጥፍ የቁስል ማሰሪያ ጎዝ አለው። ማታ በሳሙና ይታጠባል፣ እንደ መርፌው ይቀቀላል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ በማግሥቱ እንደ አዲስ ነው። የውጩ ፊት ከውስጡ እንዳይምታታም ቀይ ክር አድርጌበታለሁ።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ከፈንጣጣ ጋር ተፋጥጬ ስኖር ማን ሸፈነኝ?»

«እርስዎን እግዚአብሔር ሸፈነዎት። ሀብተሥላሴንስ?»

ሀብተሥላሴ የክሊኒኩ ሌላው ድሬሰር ነው። የአንዱን ታማሚ ጉሮሮ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ታማሚው ሳለበት፤ በአምስተኛው ቀን እሱ ራሱ በሰው ትከሻ ሆስፒታል ገባ። በሕይወት አለ፤ ነገር ግን ገና ከአልጋው አልወረደም። ከሳንሱሲ ድረስ በእግሩ ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢወድቅ ክሊኒኩ መዘጋቱ ነበር። አቶ መሸሻ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለሚያውቁም ተቆጡ፤ እውነት ሳይጠሯት ስትመጣባቸው ቁጣ የሚቀድማቸው ሰው ነበሩና።

«ስሚ ልጄ» አሉ፤ «አባቴ ሲያስተምረኝ፣ ሰው ፊት በሸማው አፉን የሚሸፍን ጌታ ነው። ሎሌ ግን ሸማውን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ይገልጣል። እኔ ደግሞ የበሽተኛ ሎሌ ነኝ። አፌን ሸፍኜ ብቀርበው፣ ወይ ጌታህ ነኝ ማለቴ ነው፣ ወይ ተጠየፍኩህ ማለቴ ነው።»

የሺእመቤት የማታውቀውን ትታ ወደምታውቀው ሄደች፤ ከቤቷ መስታወት አምጥታ ከፊታቸው ደቀነችው።

«እስቲ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ይበሉልኝ። ጮክ ብለው።»

«ጴጥሮስ ወጳውሎስ!» አሉ፤ በቅዱሳን ስም መቆጣት አይቻልምና። መስታወቱ ላይ የምራቅ ፍንጣቂ ተረጨ። አቶ መሸሻ አጎንብሰው አዩትና አፈሩ።

«ይህን ያህል ከጤነኛ አፍ ከወጣ፣ ከሚያስለውማ ምን ያህል ይወጣል?» አለችና መስታወቱን ጠርጋ፣ ከደረቁት ጨርቆች አንዱን አሰረችላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። መስታወቱ እንደ ተጠረገ ቀረ።

«ሁሉን ያግዳል አልልም፣ ጋሼ። መስኮት መክፈትም እጅ መታጠብም አይቀርም። ግን ብዙውን ይይዛል፤ የእርስዎንም ትንፋሽ ከበሽተኛው ይከለክላል።»

«መስታወት አይቀየምም፣ ልጄ። ሰው ግን ይቀየማል» አሉ። ይህን ብለው ሲያበቁ ግን አራቱን ጨርቆች በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው ወሰዱ። ሽማግሌ በልቡ ካመነ በኋላ በአፉ እስኪያምን ትንሽ መታገሥ ነው።

ሰኞ ጠዋት አሰሩት። እሰየው ነው። ነገር ግን በሽተኛ በገባ ቁጥር ጨርቁን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው፣ «እንዴት አደሩ? ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና?» ብለው ሰላምታውን አንድ በአንድ ይጨርሱና መልሰው ከፍ ያደርጉታል። እስከ ረፋድ ድረስ ሃያ ጊዜ ያህል ወረደ፣ ወጣ።

«ይኼማ ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል!» አለች የሺእመቤት። «በሽታው ያረፈበትን ጨርቅ በእጅዎ ይይዛሉ፤ በዚያው እጅ አፍንጫዎን ይነካሉ፤ በሽተኛው አጠገብዎ ሲደርስ ደግሞ ገልጠው ይቀበሉታል።»

«ታዲያ ተሸፋፍኜ እንዴት አደሩ ልበል?»

ክርክሩ ሳይቋጭ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። የእንጨት ነጋዴውን አቶ ዱባለን አራት ጎረምሶች በቃሬዛ አምጥተው ከበሩ ፊት አስቀመጡት። ሚስቱ ወርቅዬ ከኋላ ታለቅሳለች። ትኩሳቱ ያቃጥላል፤ አንገቱ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል። የሺእመቤት እንደተሸፈነች ወጥታ ስትጎነበስበት ዓይኑን ገለጠና እጇን ገፋ።

«ማን ናት ይቺ? ሳልሞት አፍንጫዋን የያዘችብኝ! ገማሁ እንዴ? መልሱኝ ወደ ቤቴ!»

«ኧረ በማርያም፣ ዱባለ!» አለች ወርቅዬ።

«መልሱኝ አልኩ!»

ትእዛዙን የለመዱት ጎረምሶች ቃሬዛውን አንሥተው አዞሩ። ሰውየው መርፌ ሳይወጋ ከሄደ ለማታ እንደማይደርስ አቶ መሸሻ አዩ። ጨርቁን ወዲያ ጥለው ሊሮጡ ሲነሡ የሺእመቤት ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ከወደቁ የነገውን ማን ይወጋዋል?» አለቻቸው።

ወርቅዬ ቃሬዛውን ይዛ ጎረምሶቹን ስታዘገይ፣ አቶ መሸሻ መሸፈኛቸውን ፈተው የሚቀቀለው ዕቃ ውስጥ ከተቱት፤ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይዘው በጓሮ በር ዞረው ወጡ። ከዚያም ነፋስ በሚነፍስበት ግቢ መሐል፣ ከቃሬዛው ስድስት እርምጃ ያህል ርቀው፣ ፊታቸውን እንደገለጡ ቆሙ።

«አቶ ዱባለ፣ እንዴት ሰነበቱ? መሸሻ ነኝ፤ ፊቴ ይኸውልዎ።»

«አቶ መሸሻ! እርስዎስ አይጠየፉኝም።»

«አልጠየፍዎትም። ሦስቱንም ልጆችዎን የከተብኩ እኔ ነኝ። አሁን ይህን ጨርቅ እያዩኝ አስረዋለሁ። ሸተውኝ አይደለም። ሰው ሁሉ ሲያስልብኝ የዋልኩ ነኝና፣ በደከሙበት የእኔ ትንፋሽ እንዳይጨመርብዎ ነው። የእርስዎም ሕመም እኔን እንዳይጥለኝ ነው። አፌን የምሸፍነው ጌታ ልሁንብዎ ብዬ ሳይሆን፣ ሎሌነቴ እንዲሰነብት ነው።»

አቶ ዱባለ ቃሬዛውን እንዲያስቀምጡ ለጎረምሶቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። «እንግዲያው ይሰሩት» አለ፤ «መርፌውን ግን ቀስ አድርገው።» ወርቅዬ እያለቀሰች ሳቀች። ተወጋ፤ ወዲያውም በሴቼንቶ ታክሲ ወደ ሆስፒታል ተላከ።

«የእኔ መስታወት ያቃተውን የእርስዎ ሰላምታ ቻለው» አለች የሺእመቤት።

«ተይ፣ ልጄ። ጨርቅሽ ባይኖር ሰላምታዬ ብቻውን ከሀብተሥላሴ ጎን ያስተኛኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር፤ አንቺም ግማሹን ስተሽ ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የክሊኒኩ ደንብ ይኸው ሆነ፦ በሽተኛው ግቢ ውስጥ፣ ራቅ ተብሎ፣ በተገለጠ ፊት ሰላም ይባላል፤ መሸፈኛው እሱ እያየ ይታሰራል፤ ከታሰረ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው በእጅ አይነካም። ልብ ላለ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ስምንት ቁራጭ አቡጀዲ እየታጠበና እየተቀቀለ ያን የጭንቅ ወራት አሻገረ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም አልታመሙም፤ ክሊኒኩም አንድ ቀን ሳይዘጋ ከረመ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ አቶ መሸሻ ግን መከራው በር ላይ ሳለ የተመከሩ ብልህ ሰው ናቸው። የሺእመቤትም አዲስ ነገር ሲመጣ የቆየውን ክብር ረግጦ መግባት እንደሌለበት ከሽማግሌው ተማረች።

በአራተኛው ሳምንት አቶ ዱባለ አንድ ጆሮው እየጮኸበት፣ ከስቶ፣ በእግሩ መጣ። ተራውን ሲጠብቅ ልጅ ያቀፈች እንግዳ ሴት ከግቢው በር ደረሰች። በመስኮቱ የተሸፈኑትን ፊቶች ስታይ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

«አትሽሺ፣ እኅቴ» አላት። «ጥቂት ቆዪ። መጀመሪያ ፊታቸውን ያሳዩሻል።»

ወዲያው አቶ መሸሻ እጃቸውን ታጥበው፣ ፊታቸውን ገልጠው ብቅ አሉ። እንዴት አደርሽ ብለው የልጁን ስም ጠየቁ፤ እያየቻቸውም አሰሩ። ሴትዮዋ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችና ገባች።