እጄ የተኛ ዕለት

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ታይፒስት ነበርኩ። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ አልተው አለኝ። የቀበሌ ሰዎች «ከዘመቻ ለመቅረት ታስመስላለች» ስላሉ ሐኪም ዘንድ ሄድኩላችሁ። ሽማግሌው ሐኪም የግራ እጄን አንጓ ይዘው፣ «ዓይንሽን ጨፍኚና ልብሽ በመታ ቁጥር ንገሪኝ» አሉኝ።

«መታ፣ መታ፣ መታ» አልኩ።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ባቡሩ ነው።»

እውነትም የድሬዳዋው ባቡር ነበር። ድምፁ እየራቀ ጠፋ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ልቤን ፈለግሁት፤ ጥልቅ ውኃ ውስጥ እጄን ሰድጄ የምዳብስ መሰለኝ። ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ጸጥ ብሏል። ደነገጥኩ።

«ዶክተር፣ አሁንማ አስመሳይ መባሌ ነው» አልኳቸው።

ነጠላዬን ስበው እጄን አለበሱትና በሹክሹክታ፣ «አንቺ አላስተኛሽውም፤ ስትረሺው ራሱ ተኛ፤ ብቻ እንዳትቀሰቅሺው» አሉኝ።