የአቶ ታውኖ በር እንዴት እንደተሰበረ

የምስክር ስም፦ ኔርሚና ሱባሺች
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ በጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ጎተንበርግ፣ ኤክሊዳ ሰፈር፣ ሊንጎን መንገድ ቁጥር 7፣ መግቢያ መ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 4፡10 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ፖሊስ ዮራን ሴደርፌልት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ከቦስኒያ ከመጣሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን የኖርኩት በዚሁ ሕንፃ ነው። የአገሩን ቋንቋ ስለምችል አስተርጓሚ አልፈለግሁም።

አቶ ታውኖ ኬስኪታሎ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲሆኑ ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከፊንላንድ በወጣትነታቸው ለፋብሪካ ሥራ መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ናቸው። ዝምድናም ወዳጅነትም የለንም። እንዲያውም ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የተነሳ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈናል። ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 5፡00 ሰዓት የእሳቸው ተራ ነው፤ ከ5፡00 ሰዓት በኋላ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ “ማድረቂያው ውስጥ የተገኘው ጥቁር ፀጉር የውሻ ካልሆነ ባለቤቱ ትታወቃለች” የሚል ወረቀት ለጥፈው ነበር። እኔም ከሥሩ “ፀጉር ያለው ሰው ይረግፍበታል” ብዬ ጽፌበታለሁ። አቶ ታውኖ ራሰ በራ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም አንባባልም።

ሰኞ ኖቬምበር 11 ቀን ከሥራ ስመለስ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ገደማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ለምትኖር አንዲት ሴት ዕቃ ላደርስ ስወጣ፣ የአቶ ታውኖ ጋዜጣ በበራቸው የደብዳቤ ቀዳዳ ላይ ግማሹ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። እሳቸው ጋዜጣቸውን ጠዋት በ12፡00 ሰዓት የሚያነሱ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። አይቼ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። ለምን ተብዬ ስጠየቅ፣ ኩርፊያ ስለነበረን ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡35 ሰዓት ሳሙና ለማስቀመጥ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ማሽኖቹ ባዶ ነበሩ። በሕንፃው ደንብ ባለተራው ግማሽ ሰዓት ካረፈደ የመጣ ሰው መጠቀም ይችላል። ደስ ብሎኝ ልብሴን አምጥቼ ከተትኩና ማሽኑን አስነሳሁ። ከዚያ ግን ቆሜ ቀረሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እኚህ ሰው አምስት ደቂቃ እንኳ አርፍደው አያውቁም። የሰኞው ጋዜጣ ትዝ አለኝ።

በ2፡50 ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ቀዳዳው ላይ ጋዜጣው ሁለት ሆኗል። ደወል ደወልኩ፤ መልስ የለም። ጋዜጦቹን አውጥቼ ቀዳዳውን ከፍቼ ጆሮዬን ስደቅን ከውስጥ ወለል የሚመታ ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ይመታና ያቆማል፤ ቆይቶ ደግሞ ይመታል። ወዲያው ለቤቶቹ አስተዳደር ስደውል የመለሰችልኝ ሴት ያለ ቤተሰብ ፈቃድ በር እንደማይከፈትና ቁልፍ ያዡ ነገ ጠዋት እንደሚመጣ ነገረችኝ። በ3፡00 ሰዓት ለአደጋ ጊዜ ስልክ ደወልኩ። አምቡላንስ ይላካል፣ ጠብቂ ተባልኩ።

በዚህ ጊዜ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ካርዋን ወደ ሥራ ሲሄድ በደረጃው ወረደ። ከኢራቅ የመጣ ኩርድ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አራት ይሆናል፤ ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ አብረውት ይኖራሉ። የሆነውን ነገርኩት። እሱም በቀዳዳው አዳምጦ ቦርሳውን አስቀመጠና ከእኔ ጋር ቆመ። ሥራው ላይ እንደሚያረፍድ ደውሎ ሲናገር ሰምቻለሁ። በ3፡25 ሰዓት ግድም ድምፁ ቆመ። አሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ አልተመለሰም። አምቡላንሱም አልመጣም።

እኔ “ስበረው” አልኩት። ካርዋንም “እትዬ ኔርሚና፣ የዜግነት ማመልከቻዬ ገና እየታየ ነው። በር ሰበረ ተብሎ ስሜ ፖሊስ ጋ ቢደርስ ማን ይሰማኛል?” አለኝ። “እኔ ነኝ ስበረው ያልኩህ፤ የትም ቦታ እናገራለሁ” አልኩት። ወርዶ ከመኪናው ጎማ የሚፈታበትን ብረት ይዞ መጣ። በሩ ፊት ሲቆም ግን ብረቱን መልሶ አወረደው። ስለዚህ ብረቱን ተቀብዬ ከመቆለፊያው አጠገብ አስገብቼ ገፋሁ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ አቅም አነሰኝ። በሩ ላይ ያለው የታችኛው ጭረት የእኔ ነው። ከዚያ ካርዋን “ይልቀቁት፣ እጅዎን ይጎዳሉ” ብሎ ተቀበለኝ፤ በ3፡45 ሰዓት በሩን ሰብረን ገባን።

አቶ ታውኖ በመታጠቢያ ቤቱና በኮሪደሩ መካከል ወድቀው ነበር። አንድ እግራቸው ተጣሟል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ አንድ ነጠላ ጫማ በእጃቸው ይዘዋል። ወለሉን ይመቱ የነበረው በዚያ ነው። ብርድ ልብስ አልብሼ፣ ውኃ በጨርቅ ነክሬ ከንፈራቸውን አራስኩላቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና “ዛሬ ማክሰኞ ነው?” አሉ። ነው አልኳቸው። “ተራዬን ወሰድሽብኝ?” አሉኝ። “አልወሰድኩም፣ እየጠበቅኩዎት ነው” አልኳቸው። ይህ ውሸት መሆኑን አምናለሁ፤ ልብሴ በዚያ ሰዓት ታች እየታጠበ ነበር።

የሕንፃው ስድስቱም መግቢያዎች ስለሚመሳሰሉ እንግዳ ሰው ይጠፋበታል። ካርዋን ለአምቡላንሱ መግቢያውን ሊያመለክት እየሮጠ ወረደ። ብረቱን ማስቀመጡን ረስቶት ነበር። ከፊት ለፊቱ ሕንፃ አንድ ሰው “ብረት የያዘ ሰው ገባ” ብሎ ለፖሊስ ደውሎ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ፖሊሶቹ ከአምቡላንሱ ቀድመው ደረሱ። ወደ ታች ወርጄ አላየሁም፤ የሰማሁትን ብቻ እናገራለሁ። ካርዋን “ላይ ሰው ወድቋል፣ ሦስተኛ ፎቅ” እያለ ሲደጋግም ሰምቻለሁ። “ብረቱን ጣል፣ ተኛ” የሚል ድምፅም ሰምቻለሁ። እኔም በተከፈተው በር “እሱ ሌባ አይደለም” ብዬ ጮኼያለሁ። ልወርድ ስነሳ አቶ ታውኖ የእጄን አንጓ ያዙኝ። አቅማቸው ይህን ያህል ነበር ብዬ አላስብም ነበር። አልተውኳቸውም።

አምቡላንሱ በ4፡00 ሰዓት ደረሰ። ባለሙያዎቹ አቶ ታውኖን ይዘዋቸው ሲወርዱ ተከትዬ ስወርድ ካርዋን እጁ ወደ ኋላ ታስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። ለቆመው ፖሊስ ሁሉንም ነገርኩት። ምስክር ከሆንሽ ትጠሪያለሽ አለኝ። የካርዋን ባለቤት ልጆቹን ከትምህርት ቤት ስታመጣ ነገሩን የሰማችው ከእኔ ነው። እንደሰማሁት የዚያኑ ዕለት ማታ ለቀውታል፤ ጉዳዩ ግን አልተዘጋም።

ካርዋንና አቶ ታውኖ ምን ግንኙነት አላቸው ተብዬ ተጠይቄ፣ ምንም የላቸውም ብያለሁ። አቶ ታውኖ በልጆቹ ኳኳታ የተነሳ ሦስት ጊዜ ለአስተዳደሩ ከሰውታል። ታዲያ ለማትቀራረቡት ሰው ለምን ይህን ያህል ርቀት ሄዳችሁ ተብዬ ተጠይቄ፣ ከውስጥ ሲመታ የነበረው ድምፅ ስለቆመ ነው ብዬ መልሻለሁ። ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ተኝተው ስለነበር አላነጋገርኳቸውም።

በሩን በመስበር ድርሻ እንደነበረኝ በመናገሬ እኔም በተጠርጣሪነት ልጠየቅ እንደምችል መርማሪው አስረድቶኛል። ገብቶኛል።

ከላይ ያለው ቃል ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቦልኛል። የተናገርኩት ያየሁትንና የሰማሁትን ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። በሁለተኛው ገጽ “ካርዋን በሩን ሰብሮ ገባ” ተብሎ ተጽፎ የነበረው ልክ ስላልሆነ፣ በጥያቄዬ “ሰብረን ገባን” ተብሎ ታርሟል። ከእርማቱ ጎን ለብቻው ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኔ. ሱባሺች
የመርማሪ ፊርማ፦ ዮ. ሴደርፌልት