አንድ ስም ስድስት ጊዜ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በምሥራቅ ለንደን በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሚስተር ሬጅ ታልቦት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ፊት ቆመው የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ ያስቡ ነበር። አንዱን ሲጫኑ ማሽኑ ጮኸ፤ ሌላውን ሲጫኑ ባዶ ወረቀት ተፋ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ የነዱ ሰው ቁም ሣጥን በሚያህል ዕቃ ተሸንፈው ቆሙ።

"ወረቀቱን ገልብጠው ያስገቡት፣ ሚስተር ታልቦት" አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ዘወር ሲሉ ናሲማን አዩ። ናሲማ ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት የሚስተር ራህማን ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በሌላ ከተማ መምህርነት እየሠለጠነች ነው፤ ለዕረፍት ወላጆቿን ልትጠይቅ መጥታለች።

"አንቺ ልጅ! ከሰማይ ነው የወረድሽልኝ" አሏት።

ወረቀቱን ተቀብላ ልትገለብጠው ስትል ዓይኗ በጽሑፉ ላይ አረፈ። ቅጹ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ነው፤ ወላጅ የሚመርጣቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል የሚጽፍባቸው ስድስት መስመሮች አሉት።

"ሎንግሜድ... ሎንግሜድ... ሎንግሜድ..." እያለች እስከ ታች ወረደች። "ስድስቱም ላይ?"

"ስድስቱም ላይ" አሉ ሚስተር ታልቦት ኮራ ብለው። "በጥሩ እጅ ጽሕፈት።"

ናሲማ ሳቀች፤ ሽማግሌው ግን እንዳልቀለዱ ስታይ ሳቋን ዋጠችው። "ማመልከቻው መቼ ነው የሚዘጋው?"

"ማክሰኞ።"

"እንግዲያው ኮፒው ይቆየን። ሻይ ልጋብዝዎት።"

የልጅ ልጃቸው ፍሬያ በልጆች ክፍል ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ታነብ ነበር። አሥር ዓመቷ ነው፤ በመጪው መስከረም ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። እናቷ ሊንዚ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ በዚህ ወር የሌሊት ተረኛ ስለሆነች "አባዬ፣ ይህቺን ነገር አንተ ያዝልኝ" ብላ ቅጹን ሰጥታቸዋለች። በሚስተር ታልቦት ቤት ቅጽ የምትሞላው ባለቤታቸው ኦድሪ ነበረች። ኦድሪ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል። ሎንግሜድ ደግሞ ኦድሪ በወጥ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት፣ ሊንዚም የተማረችበት ትምህርት ቤት ነው።

ጎን ባለው ሻይ ቤት ተቀመጡ። ወተት ያለው ሻይና በቅቤ የተጠበሰ የዘቢብ ዳቦ መጣ። ፍሬያ መጽሐፏን እንደያዘች ዳቦው ላይ አተኮረች።

"እስቲ ያስረዱኝ፣ ለምን ስድስት ጊዜ?" አለች ናሲማ።

"ይኸውልሽ፣ የኔ ልጅ። ሁሉም የየራሱን ይነግረኛል፤ እኔም ጭንቅላቴ ዞሯል። ፀጉር አስተካካዩ 'አንደኛ ካላደረግሃቸው ትምህርት ቤቶቹ ይቀየሙሃል' አለኝ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ደግሞ 'ሁለት ከጻፍክ ሁለተኛውን ነው የሚሰጡህ' አለችኝ። አንድ ሰውዬ 'አንዱን ብቻ ጽፈህ ሌላውን ባዶ ተወው፤ ሌላ ምርጫ ስለማይኖራቸው የጻፍከውን ይሰጡሃል' ብሎ ማለልኝ። ባዶ ብተወው ደግሞ ረስቼው ይመስላል። ስለዚህ አሰብኩና ቁርጤን አሳወቅኳቸው። ቅጹን የሚመለከተው የቢሮ ሰው ሲያነበው 'ይኼ ሽማግሌ የሚፈልገውን ያውቃል' ይበል።"

"አይልም።"

"እንዴት አይልም?"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አውቶቡስ ሲነዱ ደወሉን ስድስት ጊዜ የሚጫን ተሳፋሪ አልገጠመዎትም?"

"ኧረ በየቀኑ!"

"ታዲያ ለእሱ ቀድመው ያቆሙለት ነበር?"

"ማቆሚያው ጋ ስደርስ ነዋ የማቆመው። ስድስት ጊዜ የተጫነ ደወል ያው አንድ ደወል ነው፤ ትርፉ ሹፌሩን ማናደድ ነው" አሉና ሚስተር ታልቦት ኩባያቸውን እንዳነሱ ቀሩ። "አሃ! አንቺ ተንኮለኛ።"

ፍሬያ ከመጽሐፏ ጀርባ ፈገግ አለች።

ሽማግሌው ግን በዋዛ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። ሰው ያመነበትን ነገር የሚጠብቀው ነገሩ ትክክል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከሚወደው ሰው ጋር የተያያዘ ሲሆን የበለጠ አጥብቆ ይይዘዋል።

"ቢሆንም ነገሩ የታማኝነት ጉዳይ ነው" አሉ። "እኔ ኦድሪን አግቢኝ ብዬ ስጠይቃት 'እምቢ ካልሽ እህትሽን እጠይቃለሁ፤ እሷም እምቢ ካለች የአክስትሽ ልጅ አለች' አላልኳትም።"

"ልክ ነዎት። ግን እሳቸውን የጠየቁት በክፍለ ከተማው በኩል አልነበረም።"

ሚስተር ታልቦት ሳይወዱ ሳቁ።

"ቅጹ የሚሄደው ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ቢሮ ነው" ስትል ቀጠለች ናሲማ። "ትምህርት ቤቶቹ አንደኛ ይሁኑ ስድስተኛ አያዩትም። ለእያንዳንዳቸው 'እነዚህ ልጆች አመልክተዋል' ተብሎ ብቻ ነው የሚነገራቸው። እነሱም በየራሳቸው ደንብ ይመዝናሉ፦ ወንድም ወይም እህት እዚያ አላት ወይ፣ ቤቷ ምን ያህል ቅርብ ነው፣ እያሉ። ከዚያ ቢሮው፣ ከሚቀበሏት መካከል እርስዎ ከሁሉ በላይ የጻፉትን ይሰጣታል። ሁለተኛና ሦስተኛ መጻፍ አንደኛውን አያሳጣዎትም።"

"ምንም አያሳጣኝም?"

"ምንም።"

"ፀጉር አስተካካዩ ግን..."

"ፀጉር አስተካካዩ ፀጉር ያስተካክል፣ ሚስተር ታልቦት።"

"እሱንም በደንብ አይችልበትም" አለች ፍሬያ።

ናሲማ ስልኳን አውጥታ የሎንግሜድን ያለፈ ዓመት ቅበላ ፈለገች። በመጨረሻ የገባው ልጅ ቤቱ ከበሩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ይርቅ ነበር። የእነሱ ሕንፃ ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋል።

"በአውቶቡስ እኮ ዘጠኝ ደቂቃ ነው!" ሲሉ ሽማግሌው ድምፃቸው ከፍ አለ። "እኔ ነድቼዋለሁ!"

"በአውቶቡስ አይለኩም። በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ያሰምራሉ።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችበት አይቆጠርም?"

"አይቆጠርም" አለች ናሲማ ቀስ ብላ። "ቢቆጠር ደስ ይለኝ ነበር።"

ሚስተር ታልቦት በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። "እሺ፣ ሎንግሜድ ካልወሰዳትስ? ሜዳ ላይ አይጥሏትም መቼም።"

"ሌላ ስም ካላገኙ፣ ሁሉም የፈለገውን ከወሰደ በኋላ ቦታ የተረፈበትን ይሰጧታል። ሃርትስዌል ሊሆን ይችላል።"

ሃርትስዌልን ሽማግሌው በደንብ ያውቁታል፤ ይነዱበት የነበረው መስመር መጨረሻ ማቆሚያ ነው። በክረምት፣ ገና ሳይነጋ፣ ደማቅ ቀይ ኮት የለበሱ ልጆች እዚህ ይሳፈሩና ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው እያንቀላፉ እስከዚያ ድረስ ይሄዱ ነበር።

"የቀይ ኮቶቹ ልጆች" አሉ።

"የቀይ ኮቶቹ ልጆች" አለች ናሲማ። "ከኋላ በሩ አጠገብ የምትቀመጠው እኔ ነበርኩ። ስንደርስ እርስዎ 'ደርሰናል፣ እመቤት' እያሉ ይቀሰቅሱኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ።"

"እሱማ ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ያንን ያህል ርቃችሁ የምትሄዱት ትምህርት ቤቱ ቢበልጥባችሁ ነው ብዬ አስብ ነበር። ለኦድሪም እንደዚያ ነበር የማወራው፤ 'ለትምህርት እንዴት የሚተጉ ልጆች ናቸው' እያልኩ።"

"አባቴም 'አንዱን ብቻ ጻፍ' ያለዎትን ዓይነት ሰው ሳይሰማ አልቀረም፤ አንድ ስም ብቻ ነበር የጻፈው። ሃርትስዌል መጥፎ አልነበረም፣ አስተማሪዎቼም ጥሩ ነበሩ። ግን ቲያትር ክበብ መግባት እፈልግ ነበር፤ ክበቡ ሲያልቅ ደግሞ መንገዱ ይጨልማል። አንድም ቀን ሳልገባ ወጣሁ። አባቴ አሁንም ድረስ 'አንቺ ናሲማ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?' ይለኛል።"

ሚስተር ታልቦት በአእምሯቸው ያንን አውቶቡስ ከፊት እስከ ኋላ አዩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በትጋት የተመለመሉ መስለዋቸው የነበሩት ልጆች ግማሾቹ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ በአንድ ቅጽ ስህተት የተጫኑ ነበሩ። የነዷቸው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ፍሬያን በቀይ ኮት፣ ከኋላ በሩ አጠገብ ሊያስቡ ሞከሩና አልሆነላቸውም።

"ፍሬያ" አሉ ዘወር ብለው። "አንቺ የት ነው መማር የምትፈልጊው?"

ልጅቷ መጽሐፏን አወረደች። "ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የጠየቅከኝ፣ አባባ።"

"ይኸው ጠየቅኩሽ።"

"ፌርዊክ። ከክፍላችን ልጆች ጋር ለስፖርት ወስደውን ነበር። ሽንት ቤቱ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል።"

"ሽንት ቤቱ!"

"አባባ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት ይዘህ ሂሳብ ሞክር እስቲ።"

ናሲማ ሻይዋ ትን አላት። "ቀልድ አይምሰልዎት" አለች አፏን እየጠረገች። "እኔ ልምምድ በማደርግበት ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ማሰብ የማይችሉ ልጆች አሉ። ዋናው ምክንያታቸው እሱ ነው። ትምህርት ቤቱን በሚያስተዋውቀው ወረቀት ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ሁሉም ያሳምረዋል። ለወላጆች በሚዘጋጀው የጉብኝት ምሽት አዳራሹ ይጠረጋል፣ ጎበዞቹ ልጆች ተመርጠው ይቆማሉ። ሰኞ ደውለው 'በተራ ቀን ልያችሁ' ይበሏቸው። የሚያውቁትን ነገር ይመልከቱ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ከእርስዎ የበለጠ ተማሪ ያየ ሰው አላውቅም።"

ይህ ቃል እስከ ሰኞ ከሽማግሌው ጋር ሰነበተ።

ሰኞ ሚስተር ታልቦት ጠዋት ደውለው፣ ፍሬያንም ከትምህርት ቤቷ አስፈቅደው፣ ፌርዊክንና ሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶችን አብረዋት ጎበኙ። ስለ ውጤት ሠንጠረዥ ሲነገራቸው ግማሹ አልገባቸውም፤ አልደበቁትምም፣ እንደገና ጠየቁ። ትምህርት ሲያልቅ ግን የፌርዊክ ማቆሚያ ላይ ቆመው እንደ ሹፌር ተመለከቱ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ገፍትረው አይሳፈሩም። አንድ ረዥም ልጅ፣ ቁመቷን የሚያህል የሙዚቃ መሣሪያ የተሸከመች ልጅ እስክትገባ በሩን ያዘላት። ሦስት ልጆች ሲወርዱ ሹፌሩን አመሰገኑ። ሚስተር ታልቦት በጣታቸው ቆጠሩ። ለአውቶቡስ ሹፌር ሦስት ምስጋና ብዙ ነው።

ሎንግሜድንም ሳያዩ አልተመለሱም። ያስጎበኘቻቸውን ሴት "ወጥ ቤቱ የት ሄደ?" ብለው ጠየቋት። ምግቡ አሁን ሌላ ቦታ ተሠርቶ በመኪና እንደሚመጣና ክፍሉ የኮምፒዩተር ክፍል እንደሆነ ነገረቻቸው። አመስግነው ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ናሲማ አዲስ ቅጽ ይዛ ወረደች። ፍሬያ ጻፈች። አንደኛ ፌርዊክ አለች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሎንግሜድን ጽፋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ኦድሪ አያቴ ትቀየም ነበር?"

"ኦድሪ" አሉ ሽማግሌው፣ "ቅጽ በትክክል ተሞልቶ ስታይ ደስ ይላት ነበር። መስመር ባዶ አትተዪ።"

ስድስቱም መስመሮች ስድስት የተለያዩ ስሞች ያዙ።

በመጋቢት መጀመሪያ መልሱ መጣ፤ ፌርዊክ ሆነ። በዚያ ዓመት ሎንግሜድ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ሜትር ወዲያ ያለ ልጅ አልተቀበለም። ፍሬያ ከመስከረም ጀምሮ በእግሯ አሥራ ሁለት ደቂቃ ትሄዳለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ለመዘምራን ክበብ ትቆያለች፤ የሽንት ቤቱ ቁልፍ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ተሰበረና የተማሪዎች ምክር ቤት ገብታ አስጠገነችው።

በተከታዩ ጥቅምት ሚስተር ታልቦት የመብራት ወረቀታቸውን ኮፒ ሊያደርጉ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ማሽኑ ፊት አንድ ወጣት አባት ቆሞ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ያስባል። በእጁ የያዘው ቅጽ ላይ አንድ ስም ብቻ ተጽፏል፤ ከእሱ በታች አምስት ባዶ መስመሮች።

"ይቅርታ፣ ጌታዬ" አሉት። "ወረቀቱን ገልብጠው ያስገቡት። ግን ከዚያ በፊት ሻይ ልጋብዝዎት።"

"ለምን?" አለ ሰውዬው ግራ ተጋብቶ።

"አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆች አመላልሻለሁ፤ የማላውቀውን አላወራም። ሁሉንም መስመር ይሙሉ፤ የሚወዱትን ከላይ ያድርጉ፣ ማንም አይቀየምዎትም። ቅርብ ያለውን አይናቁት፤ ልጅ ቤቷ ቅርብ ሲሆን እንቅልፏን ትጠግባለች፣ ከትምህርት በኋላም የምትወደውን ትሠራለች፣ እርስዎም ጨለማ ውስጥ ቆመው አይጠብቋትም። በተራ ቀን ሄደው ይዩ፤ ልጆቹ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ይመልከቱ። ሽንት ቤቱንም ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን..." አሉና ወደ ልጆቹ ክፍል አገጫቸውን ቀሰሩ። እዚያ አንዲት ልጅ ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ታነባለች። "የእርስዎ ናት?"

"አዎ።"

"እሷን ጠይቀዋታል?"

ሰውዬው ቅጹን አየ፤ ልጁን አየ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ ምንጣፉ ሄደ።