የማይጠፋው የአቶ ባንተአምላክ መብራት

ባለፈው ክረምት ከሞጣ ወደ ብቸና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጉንደ ወይን ላይ ጎማው ፈነዳ። ዝናቡን ሸሽቼ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ስጠጋ፣ “መምህር! እርስዎ ነዎት?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሞጣ ያስተማርኩት ዘመነ ነው፤ እሱም ከኋላ ተቀምጦ በዚያው ሚኒባስ ወደ ብቸና ይሄድ ነበር። ዛሬ እዚያው ሞጣ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ሆኗል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው “መምህር” ሲለኝ ደስ እንደሚለኝ አልደብቅም፤ ወዲያው ወሬ ጀመርን።

“ብቸና ምን ጉዳይ አለህ?” አልኩት።

“አክስቴን ወይዘሮ ይርጋነሽን ልጠይቅ ነው። ባለቤታቸው አቶ ባንተአምላክ ካረፉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ጎረቤት ደውሎ፣ ‘ሴትዮዋ ከስተዋል፤ ቤታቸውም ያስፈራል’ አለኝ። እባክዎ አብረን እንግባ። እኔን እንደ ልጅ ነው የሚያዩኝ፤ እርስዎን ይሰሙ ይሆናል።”

“የሚያስፈራው ምኑ ነው?”

“ሲደርሱ ያዩታል” አለና ወደ ዝናቡ ዞረ።

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ የምስቅ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን የወይዘሮ ይርጋነሽን አጥር አልፌ ስገባ ሳቄ ጠፋ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የቤቱ መብራት ግን አንድም ሳይቀር በርቷል። ቁልፍ የተንጠለጠለበት የፊት ለፊቱ ሱቃቸው እንኳ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን ያፈሳል። በግቢው መካከል ቧንቧው ተከፍቶ ባዶ ሳፋ ላይ ይወርዳል፤ አጠገቡ ሰው የለም። ከተቆለፈው የጓዳ ክፍል ደግሞ የወንድ ድምፅ ይሰማል። ጆሮዬን ሳቀና የቴሌቪዥን ዜና ነው።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ። ቀጭን፣ ሥርዓት ያላቸው ሴት ናቸው፤ ፊታቸው አብጧል።

“እንዴት ዋላችሁ? ግቡ፣ ግቡ።”

“እትዬ፣ ቧንቧው አልተዘጋም” አለ ዘመነ።

“አሁን ይዘጋል። እሳቸው ከቢሮ ሲመለሱ የሚታጠቡበት ሰዓት ነው።”

ይህን ያሉት የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው። እኔና ዘመነ ተያየን።

ከተቀመጥን በኋላ ዘመነ ወደ ጉዳዩ ገባ። “እትዬ፣ እስከ አርባው መብራት ማብራቱን አልነቅፍም፤ የሰፈራችን ልማድ ነው። ግን አርባውም ሙት ዓመቱም ወጣ።”

“የወጣው ለእናንተ ነው።”

“ይሁን። የባለቤትዎ ጡረታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፍሉት ምንድን ነው?”

“መብራቱን ነዋ! የሱቁም የቤቱም ቆጣሪ ለየብቻ ነው። ከዚያ ውሃውን። ከዚያ የእሳቸው ስልክ ላይ ካርድ እሞላለሁ፤ ካልተሞላ መስመሩ ይዘጋል አሉኝ።”

“ለእርስዎስ ምን ይተርፋል?”

“ግማሹም አይተርፍም። አንድ ነፍስ ነኝ፤ ምን እበላለሁ ብለህ ነው?”

“የደም ግፊቱ መድኃኒትስ?”

ወይዘሮ ይርጋነሽ የነጠላቸውን ጥለት ማሸት ጀመሩ። “ቀን እየዘለልኩ እውጣለሁ። መድኃኒት ቢዘለል ማን ያያል? መብራቱ ቢጠፋ ግን አገር ያያል። ‘ባሏን ረሳችው’ ይባላል።”

ዘመነ ወንበሩን አስጠጋ። “እትዬ፣ ለማኅበራችን አባላት የምነግረውን ልንገርዎት። ከቤት ገቢ ሲሶው ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለስልክ፣ ኪራይ ላለበትም ለኪራዩ ይበቃል። ክፍያው ከሲሶ ካለፈ ትርፉን የሚወስደው ከሆድ ወይም ከጤና ነው። የእርስዎ ከግማሽ አልፏል። ከየት እንደተወሰደ ፊትዎ ላይ ይታያል።”

“ገንዘቡኮ የእሳቸው ነው፤ የደከሙበት። በራሳቸው ገንዘብ የራሳቸውን መብራት አጥፍቼ፣ ኋላ በሰማይ ስንገናኝ ምን እላቸዋለሁ?”

እውነት ለመናገር ይህ ንግግራቸው እኔን፣ ስንቱን ወላጅ ስገሥጽ የኖርኩትን ሰው፣ ሊያሳምነኝ ምንም አልቀረው። ዘመነ ግን አልተረታም።

“እትዬ፣ ጡረታው የሚከፈለው ለሟች አይደለም፤ በሕይወት ላለች ሚስት ነው። መድኃኒቱን እየዘለሉ እርስዎ የተከተሏቸው ቀን ጡረታው ይቆማል። ያን ጊዜ መብራቱን ማን ይከፍልላቸዋል?”

ወይዘሮ ይርጋነሽ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ መሐል ከተቆለፈው ክፍል ስልክ ጮኸ።

“ይኸው” አሉ በሹክሹክታ። “ከሰኔ ወዲህ በዚህ ሰዓት ይጠራል።”

“ማን ነው?” አልኩ።

“እኔ እንጃ፤ አንስቼው አላውቅም። የእሳቸው ድምፅ ቢሆንስ? ደግሞስ ባይሆን?”

ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸና ጠፋ። እንደገና ጀመረ። ዘመነ ቁልፉን እንዲሰጡት እጁን ዘረጋ። ሴትዮዋ ብዙ ካመነቱ በኋላ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡት።

ክፍሉ ውስጥ አልጋው ተነጥፏል፤ ጫማው ተወልውሎ ከሥሩ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ሰሚ ሳይኖረው ያወራል። ስልኩ ራስጌው ላይ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ይንቀጠቀጣል። ዘመነ አነሳው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

“ሃሎ? አቶ ባንተአምላክ ነዎት?” አለች አንዲት ወጣት።

“አይደለሁም። ማን ልበል?”

“ከጤና ጣቢያ ነው። በወይዘሮ ይርጋነሽ ካርድ ላይ የተመዘገበው ይህ ቁጥር ነው። ደጋግመን ደወልን፣ የሚያነሳ ጠፋ። የደም ምርመራቸው ኩላሊታቸው መጎዳት እንደጀመረ ያሳያል፤ ቀጠሯቸውም አልፏል።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ በሕይወት አሉ?”

ብዙ ቀብር ላይ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ ያስፈራኝ ነገር ግን የለም። ወይዘሮ ይርጋነሽ የበሩ ደፍ ላይ ቆመው፣ ከሟች ባላቸው ራስጌ ስለ ራሳቸው ሞት ሲጠየቅ ሰሙ። ቀስ ብለው ገቡና ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

“አለሁ” አሉ። “አለሁ፣ ልጄ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።”

ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። “እኔ እኮ እሳቸው የሚጠሩኝ መስሎኝ ነበር።”

“እሳቸውማ ቢደውሉ ‘ቧንቧውን ዝጊ’ ነበር የሚሉት” አለ ዘመነ። “ቆጣቢነታቸውን አላውቅም እንዴ?”

ሴትዮዋ በእንባቸው መሐል ሳቁ። ተነሥተው ቴሌቪዥኑን ነቀሉ፤ መብራቱን ራሳቸው አጠፉ። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆዩና በሩን ሳይቆልፉ ወጡ።

አንባቢዬ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርህ። ሱቁን አንድ ልብስ ሰፊ ተከራየው፤ የሱቁን ቆጣሪ የሚከፍለው እሱ ነው። መድኃኒቱ ከሁሉ በፊት ይገዛል፤ የመብራት፣ የውሃና የስልክ ክፍያ ከሲሶ አያልፍም፤ የቀረው ለቀለብና ለክፉ ቀን ነው። ለአቶ ባንተአምላክም በሙት ዓመታቸው ጧፍና ዕጣን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ሰፈርተኛው “ረሳቻቸው” ይላል ብለው ፈርተው ነበር፤ አንድም ሰው አላለም። እንዲያውም አጥራቸውን ሲያልፍ የሚሮጥ ሰው ቀርቷል።

ዘንድሮ ለብቻዬ ብቸና ደርሼ ወደ ቤታቸው ሳቀና፣ ግቢው ጭልም ብሎ አገኘሁት። ሴትዮዋ ሞተው ይሆን ብዬ ክፉኛ ደነገጥኩ። አጥሩ ሥር ቆሜ ዘመነ የሰጠኝን የአቶ ባንተአምላክን ቁጥር ደወልኩ። ቤቱ ውስጥ ያ ስልክ ጮኸ፣ በስተጓዳ አንዲት መስኮት በራች።

“አቤት!” አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። “አለሁ!”